ከባሕር ማዶ የመጣ ማስጠንቀቂያና የነፍሰ ጡሯ ሳህን

ነፍሰ ጡር ያማራትን አትከለከልም ይባላል። አምሮቷ ካልተሞላ ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣል እየተባለ ጎረቤት ሁሉ ከድስቱ ያቀምሳታል። ወዲያው ግን በዚችው ሴት ላይ የክልከላ መዓት ይወርድባታል። ይኼ ሽሉ ላይ ይለጠፋል፣ ያኛው ልጁን አግዝፎ ምጥ ያስቸግራል፣ ይኼኛው ደግሞ አይስማማም። እኛ የጤና ተማሪዎች ይህን ሁሉ «ጎጂ ልማድ» በሚል ርዕስ ሥር እንማራለን፤ በፈተናም እንጠየቃለን። ታዲያ እኛው ራሳችን በነጭ ጋዋን ተሸፍነን አዲስ ክልከላ እያመጣን ቢሆንስ? ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ነገሩም ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ዓሣ ነው።

«ደብረ ሲና ላይ ተቀምጦ ስለ ዓሣ?» ብሎ የሚስቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ከተማችን የምትታወቀው መንገደኛ በሚገዛት ቆሎ፣ በጉምና በጣርማ በር ዋሻ ነው። ሀገራችንም ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባሕር በር የላትም። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ ከ1 ኪሎ በታች ሲሆን የዓለም አማካይ ግን 20 ኪሎ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ያለነው በአዲስ አበባና በደሴ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከላይ የሐይቅ ከተማ ሐይቅ አለ፤ ከታች የዝዋይና የሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ አዲስ አበባ ይገባል። በጾም ወራት ከዚህ ጀምሮ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ ምግብ ቤቶች የዓሣ ጉላሽ፣ ጥብስና ለብለብ ይጠየቃል። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ደግሞ የሰርዲንና የቱና ጣሳ አለ። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ዓሣ ብዙ ጊዜ ባታገኝም አልፎ አልፎ ታገኛለች። ጥያቄው ያን ባገኘች ቀን እኛ ምን ብለናታል የሚለው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ለተግባር ልምምድ በወጣንበት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ያየሁት ወረቀት ነው። የተቋሙን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሌላም ቦታ ሊኖር ይችላል። በእርግዝና ክትትል ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ «በእርግዝና ጊዜ የተከለከሉ ምግቦች» የሚል ዝርዝር ተለጥፏል። ሻርክ፣ ስዎርድፊሽ፣ ኪንግ ማከረል፣ ሱሺ፣ ያጨሰ ሳልመን ይላል። ከሥሩ ደግሞ በደማቅ ቀለም «ዓሣ የሜርኩሪ መርዝ ስላለው ይጠንቀቁ» የሚል ተጨምሯል። ስለ ጥሬ ሥጋ፣ ስለ ክትፎ፣ ስላልተፈላ ወተት አንዲት ቃል አልነበረችበትም።

ከቆላው ወገን የመጣች አንዲት ወጣት እናት ተራዋን ስትጠብቅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ደሟ ዝቅ ብሏል ተብላ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ተጽፎላታል። ምን እንደምትበላ ስጠይቃት፦

«ሽሮና ምስር ነው፤ ማሾም ሲኖር። ባሌ ሹፌር ስለሆነ አንዳንዴ ከሐይቅ ዓሣ ያመጣ ነበር። አሁን ግን ትቻለሁ።»

«ምነው እህቴ?»

«ኧረ ሲስተር፣ መርዝ አለው እያላችሁ! ልጄን ላስመርዝ?»

የምታወራው ከሐይቅ ስለሚመጣ ቀረሶ ነው፤ ቲላፒያ ስለምንለው። ሻርክን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ አታየውምም። ወረቀቱ ያዳናት ከምንም አይደለም፤ ያስቀረባት ግን በወር አንዴም ሁለቴም የምታገኘውን፣ ምናልባት ብቸኛውን የእንስሳት ተዋጽኦ ምግብ ነው።

ወረቀቱን የጻፈውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት ማስጠንቀቂያው ከየት እንደመጣ እንይ፤ መሠረት የሌለው ወሬ አይደለምና። በጃፓን ሚናማታ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. በሽታው በይፋ ታወቀ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ቀላል ምልክት ብቻ የታየባቸው ወይም ጤነኛ የመሰሉ እናቶች አእምሯቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕፃናት መውለዳቸው ነው። ሜቲል ሜርኩሪ የእንግዴ ልጁን አልፎ በማደግ ላይ ያለውን የጽንስ አእምሮ እንደሚጎዳ ዓለም የተማረው ከዚያ ነው። መርዙ የሚቀመጠው በዓሣው ሥጋ ውስጥ ስለሆነ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወጣም። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል፣ ትልቁን ደግሞ ከሱ የባሰው፤ በየደረጃው መርዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩትና ሌላ ዓሣ የሚበሉት ትልልቆቹ የባሕር ዓሣዎች፣ ሻርክና ስዎርድፊሽን የመሳሰሉት፣ ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። ይህ ትክክለኛ ሳይንስ ነው።

ችግሩ ማስጠንቀቂያው ብቻውን ሲጓዝ የሚያመጣው ነገር ነው። ይህን ደግሞ እነሱው ቀምሰውታል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡሮች የሜርኩሪ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በማሳቹሴትስ ነፍሰ ጡሮችን ሲከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች በ2003 እንዳሳተሙት፣ ሴቶቹ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚበሉትን ዓሣ ቀነሱ። የቀነሱት አደገኛ የተባሉትን አራት ዓይነቶች ብቻ አልነበረም። በ2007 ደግሞ ከእንግሊዝ ሀገር፣ ከብሪስቶል አካባቢ 11,875 ነፍሰ ጡሮችን ያካተተ ጥናት በላንሴት መጽሔት ወጣ። በሳምንት ከ340 ግራም በታች የባሕር ምግብ የበሉ እናቶች ልጆች፣ ከዚያ በላይ ከበሉት ልጆች ይልቅ በቋንቋ ችሎታ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጥናት ዓሣው ብቻውን ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ተመራማሪዎቹ ሌሎች ሁኔታዎችን ለማመዛዘን ቢሞክሩም። ሆኖም «ዓሣን መተው ምንም ጉዳት የለውም» የሚለውን እምነት አናጋው። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ተለወጠ። ቀድሞ «ከዚህ በላይ አትብሉ» ብቻ ይል የነበረው የአሜሪካኖቹ መመሪያ፣ አሁን ነፍሰ ጡር በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም ሜርኩሪ የሚያንስበትን ዓሣ እንድትበላ ይመክራል። እኛ ግድግዳ ላይ የለጠፍነው የድሮውን ፍርሃት ነው ማለት ነው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «መከልከል ይሻላል፤ ጥንቃቄ አይጎዳም» ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። ጥንቃቄ የማይጎዳው ሌላ አማራጭ ላለው ሰው ነው። ሳህኗ ሞልቶ የተረፈ ሴት ዓሣውን ብትተው ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ እርጎውን ትበላለች። የእኛዋስ? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 29 ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው። በጾም ቀናት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቁ ነፍሰ ጡሮች ጥቂት አይደሉም። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በእስልምና ለነፍሰ ጡር መፈታት የሚቻልበት መንገድ እያለ፣ ብዙዎቹ ኅሊናቸው አይፈቅድላቸውም። ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ በሽሮና በጎመን አይገኝም። ዓሣ ፕሮቲን፣ ቢ 12 እና ለጽንሱ አእምሮ የሚጠቅም ኦሜጋ 3 ስብ አለው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በደንብ እንዲዋሃድም ይረዳል።

ማጋነን ግን አያስፈልግም። የእኛ ሐይቅ ቀረሶ በኦሜጋ 3 ከሰርዲን ያንሳል፤ በአዮዲንም የባሕር ዓሣን አያክልም። ስለዚህ ዓሣ በላሁ ተብሎ አዮዲን ያለበት ጨው አይተውም፤ የአይረን ክኒኑም አይቀርም። ዓሣ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩ ምግብ ነው፣ ካገኘች ትብላው ነው የምለው።

የሀገራችን ዓሣስ ሜርኩሪ የለውም ወይ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከተተረጎመ ወረቀት አይገኝም። ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው የሐዋሳ ሐይቅን ቢልጫ መርምረው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ዓይነት ዓሣ መካከል እንኳ ሰፊ የሜርኩሪ ልዩነት አግኝተዋል። ምክንያቱ የሚመገቡት ነገር መለያየቱ ነው፤ ሌላ ዓሣ ወደ መብላት የተሸጋገሩት የበለጠ ሜርኩሪ ነበራቸው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዚያው ሐይቅ ዓሣ በል የሆነው አምባዛ ከተጠበቀው ያነሰ ሜርኩሪ እንዳለው አሳዩ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ «ትልቅና ዓሣ በል ከሆነ ብዙ ሜርኩሪ አለው» የሚለው አጠቃላይ ሕግ እንኳ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው እንደተጠበቀው አልሠራም። የራሳችንን ዓሣ ራሳችን መመርመር አለብን የምለው ለዚህ ነው። እስከዚያው ድረስ በአብዛኛው ዋቅላሚና ጥቃቅን ነገር የሚመገበው ቀረሶ ለነፍሰ ጡር የተሻለው ምርጫ ነው። አምባዛን ብዙ ክርስቲያኖች ቅርፊት የለውም ብለው አስቀድመው ትተውታል። የአባያና የጫሞ ትልልቁ ነጭ ዓሣ፣ ናይል ፐርች የሚባለው፣ ዓሣ በል ስለሆነ አልፎ አልፎ ቢሆን ይመረጣል።

ታዲያ በእኛ አካባቢ ነፍሰ ጡርን ከዓሣ በኩል ሊያገኛት የሚችለው ዋናው አደጋ ምንድን ነው? እንደ እኔ እምነት ከሜርኩሪው በፊት ሙቀትና ጥሬነት ይቀድማሉ።

ሙቀቱን እንይ። ደብረ ሲና ብርድ ናት፤ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሹራብ የሚወልቅበት ቆላ ነው። ያለ በረዶ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በመኪና ኮርቻ ሥር ተቀምጦ የመጣ ዓሣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ምግብ ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ባለበት ከ1 ሰዓት፣ ከዚያ በታች ባለበት ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት የለበትም ነው የሚባለው። ብዙ ሰው «ቢሸትም ዘይት ውስጥ ሲገባ ይስተካከላል» ይላል። አይስተካከልም። መጥበስ ተሕዋስያንን ቢገድልም አንዳንዶቹ ቀድመው የተፉትን መርዝ አያጠፋም።

ጥሬነቱ ደግሞ ይኸውላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የታወቀ ነው። ለብለቡም ቢሆን ስሙ እንደሚያመለክተው ውስጡ ሳይበስል የሚቀርብበት ጊዜ አለ። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዓሣዎች ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባለው ትልና ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን መኖራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ከዚህ የከፋው ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው ይልቅ በእጅጉ ለሱ የተጋለጡ ናቸው፤ እናትየውን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎ ያልፍና ጽንሱን ያስወርዳል፤ ወይም የተወለደውን ሕፃን ለሞት ያደርሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ይራባል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሱቆች በሚሸጡ የሥጋና የወተት ውጤቶች ላይ ተገኝቷል። ደግነቱ በደንብ ሲበስል ይሞታል።

እዚህ ላይ ከዓሣው ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል፤ ከዚያው ወረቀት ጋር የተያያዘ ነውና። ሱሺን የሚከለክለው ወረቀት ያስፈራው ጥሬ ሥጋ መብላትን ነው፤ የዓሣውን ስም ጽፎ ሐሳቡን ዘንግቶታል። የእኛ ሱሺ ክትፎና ቁርጥ ነው። ቶክሶፕላዝማ ጥሬ የበግ፣ የፍየልና የበሬ ሥጋ ሲበላ ይተላለፋል፤ ሴትየዋን በእርግዝና ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። በቆላው በኩል ደግሞ ያልተፈላ የፍየልና የግመል ወተት አለ፤ ብሩሴላን ያስተላልፋል። አንድን ምክር ስንተረጉም ቃሉን ሳይሆን አደጋውን ነው መተርጎም ያለብን። «ሱሺ አትብሉ» የሚለው በአማርኛ «ጥሬና ለብ ለብ ያለ ነገር ይቅር፤ ዓሣም ይሁን ሥጋ» ነው የሚሆነው።

እንግዲህ ለነፍሰ ጡሯ ምን እንበላት? ማንኛዋም እናት ልታስታውሳቸው የምትችል ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ምን ዓሣ ነው? ቀረሶና የጣሳ ሰርዲን ጥሩ ናቸው። ሰርዲን ትንሽ ዓሣ ስለሆነ ሜርኩሪው አነስተኛ ነው፤ የላመ አጥንቱም ካልሲየም አለው። የጣሳ ቱና «ላይት» የሚል ከሆነ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ቢበላ አይከፋም። ጣሳው ያበጠ ወይም የዛገ ከሆነ፣ ቀኑም ካለፈ አይገዛ። የእርሻ ኬሚካል ከሚረጭበት ማሳ አጠገብ፣ ከቦይና ከኩሬ የተያዘ ዓሣ ደግሞ ለነፍሰ ጡር ባይቀርብ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ እንዴት መጣ? ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሳ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ስንጥቡ ከጠቆረ፣ ሽታው ከከረፋ ይቅር። በበረዶ ካልመጣ መቼ እንደተያዘ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛ፣ እንዴት በሰለ? ሥጋው እስከ አጥንቱ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነኩት መፈርፈር አለበት። መስታወት የመሰለ ነገር አጥንቱ ላይ ከታየ ወደ ምጣዱ ይመለስ። ዓሣው የተከተፈበት ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።

በመጠን ደረጃ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው የመዳፍ ያህል ቁራጭ ብትበላ በቂ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚህ በላይ የምታገኝ እናት በአካባቢያችን ብዙ አትመስለኝም። ወደ ዓረብ ሀገር ወይም ወደ ጅቡቲ የሄዱ እህቶቻችን ግን የባሕር ዓሣ በየገበያው ስለሚያገኙ የሻርኩ ዝርዝር ለነሱ ይሠራል። ምክር እንደ አድራሻው ይለያያል የምለው ይህን ነው።

ወጪውንስ? ዓሣ ርካሽ አይደለም፤ «ዓሣ ብዪ» ብሎ ገንዘብ የሌላትን ሴት ማሳቀቅም ሌላ ጥፋት ነው። እንቁላል ባለበት እንቁላል፣ ማሾና ምስር ባለበት እነሱ ይበሉ። የኔ ክርክር ዓሣ ግዴታ ይሁን የሚል አይደለም። ያገኘችውን በፍርሃት አናስጥላት ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። በየቀበሌው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ አለ፤ ገንፎ እየተበላ፣ ቡና እየተጠጣ የሚወራበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ አለ። ምክር የሚተላለፍበት መድረክ ሞልቶናል። የጎደለን በሰዎች ቋንቋና በሰዎች ሳህን የተጻፈ ወረቀት ነው። የትምህርት ክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች ተባብረን አንድ ገጽ ብናዘጋጅ ምን ይከብደናል? በአማርኛ፣ ለቆላውም በኦሮምኛና በአፋርኛ፤ ቀረሶን ቀረሶ፣ ክትፎን ክትፎ ብሎ የሚጠራ፤ ከሚከለከለው በፊት የሚበላውን የሚያስቀድም፤ ማንበብ ለማትችል እናት በሥዕል የሚናገር። ሥራው ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ቅዳሜዎችን ነው የሚጠይቀው። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ለእናቶቹ ራሳቸው ይነበብላቸው፤ ሰምተው ምን እንደገባቸው እንጠይቃቸው። «ዓሣ መርዝ ነው» የሚል ከገባቸው ወረቀቱ ወድቋልና እንደገና ይጻፍ።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፤ በደስታ አነባለሁ። ቸር ይግጠመን።